ለገሃርን ስታድሱ ተሳፋሪውን አትርሱት

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ጎጃም ሐዲድ የለውም። በእኛ ገጠር «ባቡር» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወፍጮ ነው። «እህሉን ባቡር ቤት አድርሰው» ይባላል። አያቴ ልጃቸው በባቡር ሄደ ሲሏቸው «ወፍጮ ላይ እንዴት ይሳፈራል?» ብለው ነበር። ታዲያ የጎጃም ሰው ስለ አዲስ አበባው ባቡር ጣቢያ፣ ስለ ለገሃር ምን አገባው እንዳትሉኝ፣ ከእኚሁ ልጃቸው፣ ከአባቴ ልጀምር።

አባቴ በ1961 ዓ.ም. ሥራ ፍለጋ ከቤት ሲወጡ 19 ዓመታቸው ነበር። ከደጀን በጭነት መኪና የዓባይን በረሃ ወርደው ወጡና አዲስ አበባ ገቡ። የአገራቸው ልጅ ድሬዳዋ ስለነበር፣ ወደ እሱ ለመሄድ ለገሃር ሄዱ። ዛሬም ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ስለ ሕንፃው ውበት አንድ ቃል አይናገሩም። የሚያወሩት ስለ ትኬት መስኮቱ ነው። ተራቸው ደርሶ ብሩን ከነቋጠሮው አቀረቡት። እጃቸው ተንቀጥቅጦ መፍታት አቃታቸው። ከኋላቸው የቆመች አንዲት ነጋዴ ቋጠሮውን ፈታች፣ ቆጥራ ከፈለችላቸው፣ መልሱንም መልሳ ቋጠረችላቸው። ሦስተኛ ማዕረግ አብረው ተሳፈሩ። ስሟን ሳይጠይቁ መለያየታቸው እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። የተሳፈሩባትን ትኬት ግን አልጣሏትም። ጠንካራ ካርቶን ናት፤ ጫፏ ተበስቷል። ዳዊታቸው ውስጥ ትኖራለች።

ለእኔ ለገሃር ማለት ያ መስኮት ነው።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። አሁን ያለው ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ነው። ስሙ ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣልያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፣ ኋላ ተመለሰ። ይሄ ሁሉ ተጽፏል፣ አይጠፋም። የሚያሳስበኝ ያልተጻፈው ነው። የድሮው ባቡር ከለገሃር መነሳቱን ካቆመ ብዙ ዓመት ሆነው። በኅዳር 2011 የለገሃር ፕሮጀክት ይፋ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ዙሪያው ሌላ ሰፈር እየሆነ ነው። በረጃጅም ፎቆች መሀል ያ ቤት የሚያምር ግን ባዶ ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር እፈራለሁ።

ስለዚህ የምለምናችሁ የተሳፋሪው ቦታ እንዲተርፍ ነው። የትኬት መስኮቱ መስኮት ሆኖ ይቆይ፤ የካፌ ባንኮኒ አይሁን። መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ይኑረው፣ የደከመው ሰው ይቀመጥበት። ከሐዲዱም ጥቂት ሜትር ይቅር፣ አንድ የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ይቁምበት። ልጆች ገብተው ይዩት። መግለጫው በአማርኛም ይጻፍ፤ መግቢያውም ከገጠር የመጣ ሰው የሚችለው ይሁን።

ከሁሉ የሚቸኩለው ግን የሰዎቹ ነገር ነው። ያ የባቡር ድርጅት ይሠራ የነበረው በፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛ የሚናገሩ ሾፌሮች፣ መካኒኮችና ትኬት ቆራጮች ዛሬም ድሬዳዋና አዲስ አበባ አሉ፤ ግን አርጅተዋል። ግድግዳ ለከርሞ ሊጠብቅ ይችላል፣ እነሱ ግን አይጠብቁም። አንድ ሰው መቅረጫ ይዞ በየቤታቸው ይሂድ። ድምፃቸው እዚያው ጣቢያ ውስጥ ይሰማ።

ስለ ግንባታው አንድ ነገር ልጨምር። በልጅነቴ በአካባቢያችን አንድ የጥንት የድንጋይ ቤት ሲታደስ አይቻለሁ። ኖራውን ፍቀው ሲሚንቶ ለጠፉበት። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ግድግዳው ወዛ፣ ልስኑ ተቀረፈ፣ ድንጋዩም አብሮ መላጥ ጀመረ። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣዋል፤ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የድንጋይ ድልድይ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በኖራ ቆሞ ዛሬም ሰውና አህያ ያሻግራል። የለገሃርም ግድግዳ በምን እንደተሠራ አስቀድሞ ይመርመርና በዚያው ይጠገን። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ እናንተ ፈቃድ አይጠገንም። ደብዳቤዬን ለእናንተ ያደረግሁትም ለዚህ ነው።

አባቴ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ይህን ደብዳቤ ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙና ዳዊታቸውን ገለጥ አደረጉ። ትኬቷን ለጣቢያው ለመስጠት ፈቅደዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ በዚያው መስኮት አጠገብ እንድትቀመጥ። ለማን እንደምናስረክብ ንገሩን፤ እኔ ራሴ ይዤያት እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ማርቆስ