አቧራው እስኪዘቅጥ፦ የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የትምህርት ቤታችንን የሌሎቹን ክበባት ዘገባ አየሁት። ሚኒ ሚዲያ ይህን ያህል ዝግጅት፣ አካባቢ ጥበቃ ይህን ያህል ችግኝ። የእኛ አጭር ነው። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አቧራ ጨምረን ጠበቅን።

ነገሩ የተጀመረው ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ትምህርት ቤታችን ያለበትን ቱሉ ዲምቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዝናቡ እንዳባራ ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር ዴስኩ ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። አንዷ የ9ኛ ክፍል ልጅ ዴስኳን እየጠረገች «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ አቧራ መጨረሻው የት ነው?» አለችኝ። የእኛው እዚሁ ነው፣ የሰሃራው ግን ባሕር ይገባል አልኳት። ከኋላ አንዱ «እኛ መቼ ባሕር አለንና!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ክበቡ የዚያን ቀን ሥራ አገኘ።

የሰሃራው አቧራ ቀላል ነገር አይደለም። በሳተላይት በተሠራ ግምት በየዓመቱ ወደ 182 ሚሊዮን ቶን የሚሆን አቧራ ከሰሃራ ምዕራብ ጫፍ ተነስቶ አትላንቲክ ላይ ይወጣል። የተፈጥሮ ተመራማሪው ዳርዊን ጥር 1832 እ.ኤ.አ. ከምዕራብ አፍሪካ ማዶ ወዳሉት የኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ሲቃረብ፣ የተሳፈረባት መርከብ ምሰሶ ላይ ባለው የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ስስ ጨርቅ የተያዘ ቡናማ አቧራ ሰብስቧል። ይህን የሰሙ ልጆች በማግስቱ ነጠላ ይዘው መጥተው ሰንደቁ ላይ ሊሰቅሉ ሲሉ ጥበቃው ጋሼ ደርሰው አባረሯቸው፤ ልክ ናቸው። ነጠላው ሮቶው ማቆሚያ ላይ ታሰረ። በሳምንቱ ስናራግፈው አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ዱቄት ወጣ፣ እኛ ግን ወርቅ ያገኘን ያህል ጨፈርን።

ቀጥሎ የአንዱ ልጅ አባት ግንበኛ ስለሆኑ ውሃ ልክ የሚይዙበትን ነጭ የላስቲክ ቱቦ አዋሱን። ደረጃው ላይ አቁመን ታቹን በቡሽ ደፈንነው። አሸዋ ስንጨምር 15 ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ታች ደረሰ። አቧራውን ስንጨምር ደወል ተደወለ፣ ምሳ ተበላ፣ እሱ እዚያው ነው። በሦስተኛው ቀን ቡሹ ተስፈንጥሮ ውሃው ቢሮ ድረስ ገባ። ስለዚህ ብዙ አላወራም። ከዚያ በኋላ በሃይላንድ ቀጠልን።

ስቶክስ የሚባል ሰው በ1851 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር አለ፦ የቅንጣቷ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ የመስመጥ ፍጥነቷ ወደ ሩብ ይወርዳል። 12ኛ ክፍሎች ሰሌዳ ላይ አሰሉት። ውፍረቷ 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነ ቅንጣት በቀን 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው የምትወርደው። አራት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላለው ውቅያኖስ ሲመቱት ከ35 ዓመት በላይ ሆነ። «ቲቸር፣ ከእርስዎ ትበልጣለች!» ተባልኩ። አመሰግናለሁ።

ችግሩ ይህ ስሌት ከባሕሩ ጋር አይገጥምም። ቅንጣቷ 35 ዓመት ከተንከራተተች ሞገዱ የት እንደሚጥላት አይታወቅም። ከምዕራብ አፍሪካ ማዶ ውሃ ውስጥ በተሰቀሉ ወጥመዶች፣ ማለትም ትልቅ የዘይት መቅጃ ፈነል የሚመስል አፍ ኖሯቸው ከሥር በየቀጠሮው የሚፈራረቁ ጠርሙሶች ባሏቸው መሣሪያዎች የተያዘው ግን፣ አቧራው በሳምንታት ውስጥ ጥልቁ ጋ እንደሚደርስ ነው የሚያሳየው። ማን ነው የሚያወርደው?

ልጆቹ መጀመሪያ ጨው ጠረጠሩ። ሁለት ሃይላንድ፣ እኩል አቧራ፣ አንዱ ላይ በሊትር 35 ግራም ጨው፣ እንደ ባሕር። ጨው ያለበት እንደ ጥሩ ጠላ ጠለለ፣ አተላው ታች ቀረ። ሌላው ድፍርስ ነው። የሸክላ ብናኝ እርስ በርስ የሚገፋፋ ኤሌክትሪክ አለው፣ ጨው ያንን ግፊት ያዳክመውና ይጣበቃሉ። ደስ አለን። ግን ክፍት ውቅያኖስ ላይ ቅንጣቶቹ በጣም ስለሚራራቁ ጨው ብቻውን አይበቃም፤ ለመጣበቅ መጀመሪያ መገናኘት አለባቸው።

የሚያገናኛቸው አቧራውን የሚውጥ እንስሳ ነው። ኮፔፖድ የምትባል ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ እንስሳ ከጥቃቅን አልጌዎች ጋር አቧራውንም ትውጠዋለች። ከዚያ በኩስ መልክ ታወጣዋለች፣ ኩሱ ደግሞ እንደ ጠጠር ነው፣ በቀን መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ይወርዳል። የሞቱ አልጌዎችና ዝልግልግ ነገሮች ተጣብቀው የሚሠሩት የባሕር በረዶ የሚባለው ብጥስጣሽም እንደዚሁ ጠራርጎ ይወስደዋል። አቧራው በተራው ክብደት ይጨምርለታል፣ ባሕሩ ብረት ያነሰው ከሆነም አልጌውን ይመግበዋል። የኩሱን ነገር ስነግራቸው ሰባት ደቂቃ ሥራ ቆመ። እስካሁን ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ «ቲቸር፣ ኩሱ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

አንዷ የተልባ ውሃ እንሞክር አለች፣ ዝልግልግ ነውና። ብልህ ሐሳብ ነበር፣ ግን ከሸፈ። ውሃው ራሱ ወፈረና አቧራው ባለበት ቆመ፣ በሳምንቱ ሽታው ላብራቶሪውን አስለቀቀን። ባሕሩ ውስጥ የሚዘለገለገው ብጥስጣሹ ነው፣ ውሃው አይደለም። እኔ ከተሳካው ሙከራ ይልቅ ይህንን እወደዋለሁ።

ከሁሉም ዝም ያሰኛቸው የታችኛው ነገር ነው። ከየብስ በራቀው ጥልቅ ወለል ላይ ያለው ቀይ ሸክላ በሺህ ዓመት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው የሚያድገው። አንዱ ልጅ የጣቱን ጥፍር በማስመሪያ ለካና «10 ሺህ ዓመት» አለ።

ጨው የሌለበትን ሃይላንድ ከኅዳር ጀምሮ መስኮት ላይ ትተነው ነበር፣ ዓመቱ ሲያልቅ ምን ያህል እንደጠለለ ለማየት። ግንቦት ላይ የጽዳት እናታችን ቆሻሻ ውሃ መስሏቸው ደፉት። ልጆቹ ምንም አላሉም፣ በዚያው ቀን አዲስ ሞሉ። አሁን መስኮቱ ላይ ነው፣ በትልቁ «አይደፋ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።