የምጣድ ሬዚስታንስ ከመቆረጡ በፊት ቮልቴጁ ይለካ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴ ከተማ በቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታና ጥገና ሥራ የተሰማራሁ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለሥራ በምገባባቸው ግቢዎች በተደጋጋሚ የማየው አንድ የጥገና ዘዴ ስለሚያሳስበኝ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አልሰማ ሲል፣ እንጀራውም ዐይን አላወጣ ሲል፣ ለጥገና የተጠራው ሰው ቮልቴጁን ሳይለካ ሬዚስታንሱን፣ ማለትም ምጣዱን የሚያግለውን ሽቦ፣ ቆርጦ ያሳጥረዋል፤ የቀረውንም ሳብ ሳብ አድርጎ በሸክላው ቦይ ውስጥ መልሶ ያስተኛዋል። ምጣዱ በዚያው ዕለት በደንብ ስለሚግል የቤቱ እመቤት ደስ ይላታል፣ ክፍያም ይፈጸማል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው ቮልቴጅ (ኤሌክትሪኩን የሚገፋው ኃይል)፣ ከረንት (በአምፔር የሚለካው ፍሰት) እና ሬዚስታንስ (ሽቦው ፍሰቱን የሚገታበት መጠን) የተሳሰሩ ናቸው። ቮልቴጁን ለአምፔሩ ስናካፍል ሬዚስታንሱን በኦም፣ ሁለቱን ስናባዛ ደግሞ ኃይሉን በዋት እናገኛለን። በ220 ቮልት 3,500 ዋት እንዲሠራ የተዘጋጀ ምጣድ 15.9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 220 ለ15.9 ሲካፈል ሬዚስታንሱ 13.8 ኦም መሆኑ ይታወቃል።

አሁን ሰው ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት በሶኬቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 180 ወርዶ ተገኘ እንበል። ሬዚስታንሱ ያው ስለሆነ ምጣዱ የሚስበው 13 አምፔር ብቻ፣ የሚሰጠውም ኃይል 2,350 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ ሳይሞላ ሙቀቱ ግን በሲሶ ወርዷል፤ ምክንያቱም ቮልቴጁ ሲቀንስ አምፔሩም አብሮት ስለሚቀንስ ጉድለቱ በኃይሉ ላይ በሁለት በኩል ያርፋል። ምጣዱ ታመመ የሚባለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምጣዱ ግን ጤነኛ ነው።

ጠጋኙ ሲሶውን ቆርጦ ሬዚስታንሱን 9.2 ኦም ሲያደርገው በ180 ቮልት 19.6 አምፔር ስቦ ወደ 3,500 ዋቱ ይመለሳል፤ ለዚህም ነው ጥገናው የተሳካ የሚመስለው። ነገር ግን ጎረቤቱ ጋግሮ ሲጨርስ፣ መስመሩም ሲቀለው ቮልቴጁ ተመልሶ 220 ይገባል። በዚያን ጊዜ ይኸው ምጣድ 23.9 አምፔር ይስባል፣ ኃይሉም ከ5,200 ዋት ያልፋል። ሶኬቱና ስፒናው ለ16 አምፔር የተሠሩ ናቸው። በሽቦና በማያያዣ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኝ በመሆኑ፣ አምፔሩ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ብሎኗ በላላችና 0.2 ኦም በያዘች አንዲት የሶኬት ማያያዣ ላይ ቀድሞ 50 ዋት ገደማ የነበረው ሙቀት 114 ዋት ይደርሳል፤ ይህም የድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል ከሚያወጣው የሚበልጥ ሙቀት ከጣት ጫፍ በማትሰፋ ቦታ ላይ ሲከማች ማለት ነው። ቡናማ ሆኖ የቀለጠ ስፒና፣ የፕላስቲክ ሽታ፣ ጥቁር ጠባሳ የያዘ ግድግዳ የሚመጡት ከዚህ ነው። ከረንቱ ከመጠን ሲያልፍ መስመሩን የሚያቋርጠው ብሬከር ሥራውን ሠርቶ ሲወርድ ደግሞ ባለ 32 አምፔር ተገዝቶ ይተካል፤ ሽቦው ግን ያው አሮጌው ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሽቦውን መጋል የሚያቆም ነገር አይኖርም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ምጣዱ እየሠራ ሳለ በመጀመሪያ በቆጣሪው፣ ቀጥሎ በሶኬቱ ላይ ቮልቴጁን መለካት፣ ሽቦውን ሳይቆርጥ ከውጭ አቅፎ በሚለካው በክላምፕ ሜትርም አምፔሩን ማንበብ ነው። ምጣዱ ሳይሰካ የተለካ ቮልቴጅ ያታልላል፤ ከረንት በሽቦው ካላለፈ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ አይታይምና። በቆጣሪው 215፣ በሶኬቱ 190 ከተገኘ ሕመሙ ያለው በግቢው ውስጥ ነው፤ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ማያያዣው ላልቷል። ደሴ ላይ ቤቶቻችን በተዳፋት ላይ የተሠሩ በመሆናቸው ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ማዕድ ቤት የሚጎተተው ሽቦ ብዙ ጊዜ ረጅም ነው። መንገዱ 30 ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 60 ሜትር ይሆናል፤ ባለ 1.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በዚህ ርዝመት 0.7 ኦም ስለሚይዝ በ16 አምፔር 11 ቮልት ይበላል፣ ባለ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ቢዘረጋ ግን የሚበላው 4 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። በቆጣሪው ላይ ራሱ 180 ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከመስመሩ ወይም ከትራንስፎርመሩ ስለሆነ ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ ማመልከት እንጂ ምጣድ መቁረጥ አያስፈልግም። ሁለቱም ቦታ ቮልቴጁ ደኅና ሆኖ አምፔሩ ብቻ ካነሰ ያን ጊዜ ሬዚስታንሱን መጠርጠር ይገባል፤ መፍትሔውም በዋቱ ልክ አዲስ መግዛት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ይህ ስሌት በቀጥታ የሚሠራው እንደ ምጣድ፣ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ላሉት ነው። የወፍጮ ሞተርንና ፍሪጅን ቮልትና አምፔር በማባዛት ብቻ ትክክለኛ ዋታቸውን ማግኘት አይቻልም።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ አማካይነት የምጠይቀው ይህ ነው፦ ምጣድ ሻጮች ዋቱንና ኦሙን በማይለቅ ቀለም በምጣዱ ላይ ይጻፉ፤ ጠጋኞችም ከጥገናው በፊትና በኋላ ያነበቡትን ቮልትና አምፔር በደረሰኙ ላይ ያስፍሩ፤ ደንበኞችም ይህ ያልሰፈረበትን ደረሰኝ አይቀበሉ።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ባለሙያ፣ ከደሴ