ቅዳሜ ወደ ባሌ ተራሮች፦ የኅዳር ቀለም ሳያልፈን

ውድ የሐዋሳ ተጓዦች፣

አደይ አበባ ረገፈች ብላችሁ ካሜራችሁን እንዳትሰቅሉ። ደጋው ገና ቀለም አለው። ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ በኩል ዲንሾ እንገባለን።

በፈረንጅ አገር ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ የቅጠሉ አረንጓዴ ይፈርስና ተደብቆ የቆየው ቢጫ ይወጣል። እኛ ጋ የቀኑ ርዝመት ብዙም ስለማይለዋወጥ ጫካው ባንድ ጊዜ ቀለም አይቀይርም። ስለዚህ ዛፍ በዛፍ ነው የምንፈልገው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ኮሶን የሚያህል የለም። ሴቴውና ወንዴው ለየብቻ የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው። የሴቴው የአበባ ዘለላ ቀላ ብሎ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ የወንዴው ፈዘዝ ይላል። ግንዱንም ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ቡናማ ቅርፊቱ እየተላጠ ይነሳል። አምጃ ካገኛችሁ ቢጫ አበባውን እንዳታልፉት። እባካችሁ ቅርንጫፍ አትቀንጥሱ።

እሁድ ሳነቴ እንወጣለን። ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ጋቢና ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁኝ፤ መኪና የምንይዘው በቁጥራችሁ ልክ ነው።