ፈቃዱ ሳያበቃ ለማሳደስ የቀረበ ሰው ስለ ምን ይቀጣል?

ለአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚሁ ጉዳይ ሦስት ደብዳቤ ጽፈንልዎታል። ሦስቱም በመዝገብ ቤትዎ ገቢ ሆነው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የአንዱም መልስ አልመጣም። በአካል ስንቀርብ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልን፤ ስንደውል «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ተባልን። አደባባይ የወጣነው ሌላ የሚያስገባ በር ስላጣን ነው። መመሪያውን ያወጣው የእርስዎ ክፍል ስለሆነ አንቀጽ እየጠቀስን ልናስተምርዎት አልተነሣንም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ መመሪያዎ በሚሠራበት መንገድ ፈቃድን ሳያበቃ ማሳደስ አይቻልም፤ ያልታደሰለት ሰው ግን ይቀጣል።

ስሌቱን እንሥራው። ፈቃዱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። የእድሳት ማመልከቻ የምትቀበሉት ሊያበቃ 60 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ነው፤ 61 ቀን እየቀረው የመጣ ሰው «ገና ነው» ተብሎ ይመለሳል። ከማመልከቻው ጋር የሚያያዘው የሐኪም ማስረጃ ከተጻፈ 30 ቀን ያላለፈው መሆን አለበት። እስከዚህ ድረስ የሚቃወም የለም። ችግሩ ያለው 30ው ቀን በሚቆጠርበት ላይ ነው። ማስረጃው ጊዜው አልፏል ወይም አላለፈም የሚባለው ሰውየው ፋይሉን በመስኮት ባስረከበበት ቀን ሳይሆን መርማሪው ፋይሉን በከፈተበት ቀን ነው። ፋይሉ ከመስኮቱ ተነሥቶ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ደግሞ ስድስትና ሰባት ሳምንት ይወስዳል።

ስለዚህ ትናንት የተጻፈ ማስረጃ ይዞ በመጀመሪያው ቀን የቀረበ ሰው እንኳ ፋይሉ በ45ኛው ቀን ሲከፈት ማስረጃው 15 ቀን አልፎበት ይገኛል። «አዲስ የሕክምና ማስረጃ ይቅረብ» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤው እጁ ሲገባ 50ኛው ቀን ነው። የሐኪም ቀጠሮ በሁለት ሳምንት ቢገኝለት 64ኛው ቀን ይሆናል። ፈቃዱ ግን በ60ኛው ቀን አብቅቷል። አዲሱን ማስረጃ ይዞ ሲመጣም ፋይሉ ወደ ነበረበት ተራ አይመለስም፤ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ ከሰልፉ መጨረሻ ይያዛል። ያም ማስረጃ በተራው ቀኑን መብላት ይጀምራል። በዚህ ዙር ሁለት ጊዜ የተመላለሱ ፋይሎችን በእጃችን ይዘናል።

የአንዱን ሰው ብቻ እናንሣ፤ ሦስተኛው ደብዳቤያችን ስለ እሱ ነበር። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ፣ በሁለት ክራንች የሚሄድ ሰው ነው። ማመልከቻውን ያስገባው ፈቃዱ ሊያበቃ 58 ቀን ሲቀረው ነው። ቅጹ ተሞልቷል፤ ሁለት ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የነባሩ ካርድ ኮፒ፣ ፊርማና ማህተም ያለበት የሐኪም ማስረጃ ተያይዟል፤ ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀብሏል። ፈቃዱ ካበቃ በ9ኛው ቀን፣ የአካል ጉዳተኛ ምልክት በተቀባበት ቦታ ላይ እንደቆመ የመኪናው ጎማ ታሰረ። ካርዱና ደረሰኙ ዳሽቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ተቆጣጣሪው ሁለቱንም በመስታወቱ አንብቦ «ደረሰኝ ፈቃድ አይደለም» አለ። በተቆጣጣሪው አንፈርድም፤ መመሪያው እንደዚያ ነው የሚለው። ሰውየው ግን ጎማው እንዲፈታለት ክፍያው ቢሮ ድረስ በክራንች ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ከፍሎ፣ በክራንች መመለስ ነበረበት። ፈቃዱ የተሰጠው ይህን ያህል መንገድ መሄድ ስለማይችል ነው። ሲመለስ መዳፎቹ ከክራንቹ እጀታ የተነሣ ቆስለው ነበር።

ቅጣቱ ይነሣለት ብለን ያመለከትንበት ክፍል የሰጠን ቃል «አመልካቹ ፈቃዱን በወቅቱ አላሳደሰም» የሚል ነው። ክቡር ኃላፊ፣ ይህ ሐሰት ነው። አመልካቹ በወቅቱ ቀርቧል። በወቅቱ ያልሠራው ቢሮዎ ነው፤ ቅጣቱን የከፈለው ግን እሱ ነው።

የተጠየቀውን ማስረጃም እንመልከት። ከሁለት ዓመት በፊት የቀረበውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አድርገን አንብበናል። ከቀኑ በቀር አንድ ቃል አልተለወጠም። የተቆረጠ እግር መልሶ አይበቅልም። በልጅነት ልምሻ የሰለለ እግር፣ ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ሽባነት በሁለት ዓመት ውስጥ ድኖ እንደሆነ ለማጣራት በሽተኛውን ሐኪም ዘንድ መላክ የሐኪሙንም ጊዜ መብላት ነው። ጉዳቱ ጊዜያዊ የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ አጥንቱ ተሰብሮ በመዳን ላይ ያለ፣ ወይም የዳሌ መገጣጠሚያው ተቀይሮለት እስኪያገግም የሚጠብቅ፣ እንደገና ይመርመር፤ ይህ ተገቢ ነው። ቅጹም «ቋሚ» እና «ጊዜያዊ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ያሉት ለዚህ ይመስለን ነበር። ነገር ግን «ቋሚ» የሚለው ላይ ምልክት የተደረገበትም፣ «ጊዜያዊ» የሚለው ላይ የተደረገበትም እኩል ባሳደሰ ቁጥር ማስረጃ ይጠየቃል። ሐኪሙ ረስቶ ሁለቱንም ባዶ ከተዋቸው ደግሞ ጸሐፊዋ «ጊዜያዊ» ብላ ትመዘግበዋለች፤ ካርዱ የ6 ወር ብቻ ሆኖ ይወጣል። ለማስተካከል የሚቀርበው ማመልከቻ ከእድሳቱ ሰልፍ ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆመው።

የፈቃድ መቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ ላይታይ ስለሚችል በሜትር እንናገረው። አንድ ተራ የመኪና ማቆሚያ ወርዱ 2 ሜትር ከ40 አካባቢ ነው። መካከለኛ መኪና 1 ሜትር ከ80 ያህል ይወስዳል። የሚተርፈው 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እሱም ለሁለቱ ጎኖች ተካፍሎ። ዊልቸር ብቻውን ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ባለዊልቸር ከመኪናው ሲወርድ በሩ እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት፤ ወንበሩ ተገጣጥሞ ከመቀመጫው አጠገብ በሰያፍ ይቆማል፤ ፍሬኑ ይያዛል፤ ከዚያ ሰውየው በእጆቹ ራሱን አንሥቶ ይሻገራል። ለዚህ ነው ምልክት ባለበት ማቆሚያ ጎን በሰያፍ መስመር የተቀባ ባዶ ቦታ የሚተወው። በአሜሪካ መለኪያ ይህ ቦታ ከ1 ሜትር ከ50 አያንስም። ፈቃዱ ያበቃበት ሰው ተራው ቦታ ላይ ሊያቆም ይችል ይሆናል፤ ሊወርድ ግን አይችልም። እንደምንም ቢወርድ እንኳ፣ ሲመለስ አጠገቡ ሌላ መኪና ተጠግቶ ከቆመ፣ የመኪናው ባለቤት እስኪመጣ ውጭ ይቀመጣል። «ጥቂት ሳምንት ቢታገሱ ምን አለበት?» ላለን የክፍልዎ ሠራተኛ መልሱ ይህ ነው። ጥቂት ሳምንት ማለት ሥራ የማይገባበት፣ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ የሚያመልጥበት ሳምንት ነው።

ሌላም አለ። ለእድሳት በአካል መቅረብ ግዴታ ነው ትላላችሁ። በቢሮው ፊት ለፊት ያሉት ምልክት ያላቸው ማቆሚያዎች ደግሞ ፈቃዱ ያላበቃበትን ሰው ብቻ ነው የሚያስተናግዱት። ማስረጃው ውድቅ ሆኖበት ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው ሰው ፈቃዱ አብቅቷል፤ ራቅ ብሎ አቁሞ ደጅ ሊጠና ይመጣል። መሄድ የማይችልን ሰው በእግር ደጅ የሚያስጠና አሠራር እንዴት ለዓመታት ሳይታረም ቆየ?

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠን ምክንያት ማጭበርበር ነው። ማጭበርበር መኖሩን አንክድም፤ ከማንም በላይ የሚጎዳውም ባለፈቃዱን ነው። የሞተ አባቱን ካርድ ስፖኪዮው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር ሰው የሚይዘው ቦታ የእነዚህ ሰዎች ነው። ነገር ግን ያ ሰው ካርዱ እስኪያበቃ ይጠቀምበታል እንጂ ለእድሳት እናንተ ዘንድ አይመጣም። እሱን የሚይዘው የፈቃድ መዝገባችሁን ከሞት ምዝገባ ጋር ማመሳከርና በመንገድ ላይ ካርዱንና ባለካርዱን ማስተያየት ነው። ካሊፎርኒያ ቋሚ ፈቃድ ያላቸውን የምታስተናግድበት መንገድ ይታወቃል፦ ካርዶቹ ሁሉ በየ2 ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባለው የፈረንጆች ዓመት፣ በጁን 30 ያበቃሉ፤ አዲሱ ካርድ በፖስታ ይላካል። ባለፈቃዱ በየ6 ዓመቱ ፈርሞ እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል፤ የሐኪም ማስረጃ ግን እንደገና አምጣ አይባልም። የሟቾች መዝገብም በየጊዜው ይመሳከራል። ቁጥጥሩ በበሽተኛው ጫንቃ ላይ አልተጫነም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ አንቀጽ 20 የያዘው ይህንኑ ነው፤ አካል ጉዳተኛው በተቻለ መጠን ራሱን ችሎ እንዲንቀሳቀስ መንግሥታት ውጤት ያለው እርምጃ ይውሰዱ ይላል። አንቀጹ በቢሮዎ ኮሪደር ላይ ተለጥፏል፤ አንብበነዋል።

ይህን ለሚያነቡ ባለፈቃዶች፣ መመሪያው እስኪታረም ድረስ፦ የሐኪም ቀጠሮ የሚያዘው ከአራት ወር በፊት ነው፤ ቀጠሮው ግን የማመልከቻው በር ከሚከፈትበት ቀን ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀደም ብሎ እንዲውል ይሁን። ከሐኪሙ ክፍል ከመውጣት በፊት ማህተሙ ፊርማውን ሸፍኖት እንደሆነ፣ የሐኪሙ የሙያ ፈቃድ ቁጥር መጻፉ፣ «ቋሚ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት መደረጉ ይታይ። «ለመሄድ ይቸገራል» የሚል ማስረጃ ብዙ ጊዜ ተመልሷል፤ ስንት ሜትር እንደሚሄዱና በምን ተደግፈው እንደሆነ ይጻፍ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መስፈርቱ 200 ጫማ፣ 60 ሜትር ያህል ማለት ነው፣ ሳያርፉ መሄድ አለመቻል ነው፤ እንዲህ በቁጥር የተጻፈን ነገር መርማሪ ለመጣል ይቸግረዋል። በመስኮቱ ላይ ፋይል ሲያስረክቡ ደረሰኙ ላይ የገጹ ብዛት ይጻፍልኝ ይበሉ፤ «ማስረጃው አልተያያዘም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ቢሮው ውስጥ ወረቀት ከስቴፕለር ወጥቶ ስለሚቀር ነው። ካርዱ ላይ ቀኑ በእስክርቢቶ የተጻፈ ከሆነ ፀሐይ በጥቂት ወር ውስጥ ያደበዝዘዋል፤ መኪናው ቆሞ ካልሆነ በቀር ከዳሽቦርዱ ላይ ይነሣ፤ ፎቶውም በስልክ ይያዝ። ያልተነበበ ቀን እንዳበቃ ቀን ነው የሚቆጠረው።

ክቡር ኃላፊ፣ የምንጠይቀው አዲስ በጀትም አዲስ ሕንፃም የሚያስፈልገው አይደለም። ፈቃዱ ሳያበቃ ላመለከተ ሰው የሚሰጠው ደረሰኝ ላይ «ውሳኔ እስኪሰጥ ነባሩ ፈቃድ ያገለግላል» የሚል ማህተም ይረፍበት፤ ለተቆጣጣሪዎችም ይነገራቸው። የማስረጃው 30 ቀን ፋይሉ በመስኮት ከገባበት ቀን ይቆጠር። «ቋሚ» የተባለ አንድ ጊዜ ብቻ ይመርመር። ሦስቱንም እርስዎ በፊርማዎ ልታደርጓቸው የምትችሏቸው ናቸው፤ ለበላይ አካል የሚመራ ነገር የለባቸውም። የተቀጣው ሰው ገንዘብም ይመለስለት።

የሰውየው ፋይል አሁንም እናንተ ዘንድ ነው። የገቢ ቁጥሩ በሦስተኛው ደብዳቤያችን ራስጌ ላይ አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ያመጣው የሐኪም ማስረጃ 30 ቀን የሚሞላው ይህ ደብዳቤ ከወጣ በ12ኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ፋይሉን ያስከፍቱት።