ጉዳዩ፦ ቤት ተከራይቼ አድራሻ ስለ ማጣቴ

ፍራንክፈርት፣ ኤፕሪል 7 ቀን 2025

ለቤት አከራይ ድርጅታችሁ ሥራ አስኪያጅ

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት ማስታወቂያችሁም በአማርኛ ስለነበር ነው። «ለአዲስ መጪዎች፣ ያለ ሹፋ፣ ከነቤት ዕቃው» ይል ነበር። በዚህ ከተማ ቤት የፈለገ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያጓጓ ያውቃል። አከራዩ ሁሉ የሹፋ ማስረጃ፣ ማለትም ዕዳን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ የሚያሳይ ወረቀት፣ እና የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት ይጠይቃል፤ ሥራ ገና ያልጀመረ ሰው ከየት ያመጣዋል? ሁለት ሳምንት በዘመድ ሳሎን ካደርኩ በኋላ ወደ እናንተ የመጣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ጃንዋሪ 24 ቀን ግሪስሃይም ሰፈር የሚገኘውን ክፍል አየሁ። ቁልፉ እጄ ሳይገባ 1,140 ዩሮ የአገልግሎት፣ 1,710 ዩሮ የመያዣ፣ 690 ዩሮ የመጀመሪያ ወር ኪራይ፣ በድምሩ 3,540 ዩሮ አስከፈላችሁኝ። ገንዘቡን ያስተላለፈልኝ ዘመዴ ነው፤ ደረሰኙን አያይዣለሁ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ገባሁ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ስሙን ለመጥራት ትንፋሽ በሚያሳጥር አንድ ወረቀት ነው፦ ቮኑንግስጌበርበሽቴቲጉንግ። አከራዩ «ይህ ሰው እኔ ጋ ገብቷል» ብሎ የሚፈርምበት አንድ ገጽ ነው። ያለ እሱ የነዋሪዎች ምዝገባ ቢሮ አይመዘግበኝም። ካልተመዘገብኩ የታክስ መለያ ቁጥር አይደርሰኝም፤ የመኖሪያ ፈቃዴም ጉዳይ አይንቀሳቀስም። መሥሪያ ቤቴ ቁጥሩን ታግሦ የሚጠብቀኝ ለሦስት ወር ነው። ጊዜው በዚህ ወር ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ደመወዜ ከፍተኛውን ግብር በሚያስቆርጠው በስድስተኛው ምድብ ሊታሰብ ነው። ሕጉ ተከራይ በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ አከራዩም ይህን ወረቀት እንዲሰጠው ያዛል። እኔ ከገባሁ ዘጠኝ ሳምንት አልፎኛል።

ለሠራተኛችሁ አምስት ጊዜ ደውያለሁ። መጀመሪያ «በሚቀጥለው ሳምንት» አለኝ። ቀጥሎ «የቤቱ ባለቤት አይፈቅድም» አለ። ባለቤቱ እኔ እዚያ መኖሬን ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቀው ስልኩ ተዘጋ። ማርች 19 ቀን ግን ራሱ ደውሎ በ300 ዩሮ በሌላ ቤት አድራሻ ሊያስመዘግበኝ እንደሚችል ነገረኝ። «የሀገሬ ልጅ ስለሆንክ ነው» ሲልም አከለበት። ሰው በማይኖርበት አድራሻ ማስመዝገብ እስከ 50,000 ዩሮ የሚያስቀጣ መሆኑን ያወቅሁት የተከራዮች ማኅበር ሄጄ ስጠይቅ ነው። የሀገሬ ልጅ ይህን ሳይነግረኝ ነበር ሊሸጥልኝ የነበረው።

እዚያው ማኅበር ውሌን ያነበቡልኝ ሴትዮ ብዕራቸውን አንድ መስመር ላይ አሳርፈው ዝም አሉ። «አከራይ» በሚለው ቦታ የተጻፈው የእናንተ ድርጅት ስም ነው። አከራይ ራሱን በራሱ ደልሎ የድለላ ክፍያ መቀበል እንደማይችል፣ ደላላም ቢሆን ውል ሳይፈረም ቅድሚያ መውሰድ እንደማይፈቀድለት አስረዱኝ። እናንተ 1,140 ዩሮውን የወሰዳችሁት ውሉ ከመፈረሙ ሦስት ቀን በፊት ነው። መያዣውንም ቢሆን በሦስት ወር ከፋፍዬ መክፈል መብቴ ነበር፤ ከድርጅታችሁ ገንዘብ ተለይቶ መቀመጥ ሲገባው የት ባንክ እንዳለ ጠይቄ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ስለዚህ እስከ ኤፕሪል 21 ቀን ድረስ የምዝገባውን ወረቀት ፈርማችሁ እንድትሰጡኝ፣ 1,140 ዩሮውን እንድትመልሱልኝ፣ መያዣው የተቀመጠበትን ሒሳብ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። ወረቀቱን መከልከላችሁን ግን እስከዚያ ሳልጠብቅ ነገ ለምዝገባ ቢሮው አሳውቃለሁ፤ ሕጉ ይህን የሚጠብቀው ከእኔ ነውና። ገንዘቡ በቀኑ ካልተመለሰ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት እወስደዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በገባሁ ማግሥት የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስሜን በወረቀት ጽፌ ለጥፌ ነበር። ሠራተኛችሁ መጥቶ ላጠው፤ «ጎረቤት እንዳያይ» ብሎ። በዚህ ሀገር ፖስተኛ ደብዳቤ የሚያደርሰው ሳጥኑ ላይ ባለው ስም ነው፤ የባንክ ካርዴም ሁለት ጊዜ ወደ ላኪው ተመልሷል። ስለዚህ መልሳችሁን በኢሜይል ላኩልኝ፤ በፖስታ ብትልኩት ቤታችሁ ውስጥ እየኖርኩ አይደርሰኝም።

ከሰላምታ ጋር
የግሪስሃይሙ ቤት የሦስተኛው ክፍል ተከራይ

አባሪ፦ የኪራይ ውል፣ የክፍያ ደረሰኝ፣ ከሠራተኛችሁ ጋር የተለዋወጥናቸው የጽሑፍ መልእክቶች