ለኛ ለባለ ኖኪያዎቹም ጻፉልን እንጂ

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከምሳ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ድሬ ላይ በዛ ሰዓት ልብስ ላሰፋ ብሎ የሚወጣ የለም፣ እንኳን ሰው ፍየሉም ጥላ ይዞ ተኝቷል። የቴክኖሎጂ ገጻችሁን አልዘለውም፣ ግን አቦ ሁሌ የምትጽፉት ስለሚታጠፈው፣ ስለ ባለ ሶስት ካሜራው፣ የሰው የአመት ደሞዝ ስለሚውጠው ስልክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ታች ስልክ ሊገዛ ስለሚወጣ ሰው አንድ ቀን ጽፋችሁ አላየሁም።

እኔ እስከ አምና የያዝኩት ባለ ቶርች ኖኪያ ነበር። አንዴ ቻርጅ ካደረግኳት ቀናት ትቆያለች፣ ከማሽን ላይ ስንቴ ወድቃለች፣ ምንም አትል። ስማርት ስልክ ያስገደደኝ ስራው ነው እንጂ አምሮኝ አይደለም። ድሮ ደንበኛ ጨርቁን ይዛ መጥታ "እንደ እንትና አርገህ ስፋልኝ" ትል ነበር፣ አሁን "የድርያውን ቀሚስ ፎቶ በቴሌግራም ልኬልሃለው" ሆነ፣ ስልኬ ፎቶ አይቀበልም ስላት ማዶ ያለው ሰፊ ጋ ትሄዳለች። (አንቱ የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም፣ የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ሳትቀር "አንተ፣ ለመቼ ይደርሳል?" ነው የምትለኝ፣ ከመሀል አገር የመጣ ሰው ይደነግጣል።)

መጀመሪያ ይረክሳል ብዬ ያገለገለ ገዛሁ፣ እየዞረ ከሚሸጥ ልጅ። መልኩ ያምራል፣ ይደውላል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በቃ። በነጋታው የእህቴ ልጅ መጣና "የሰው ፎቶ ሞልቶበታል እኮ፣ አጽድቼ ልስጥህ" ብሎ ፓወርና ቮልዩሙን አንድ ላይ ተጭኖ ሪሴት አደረገው። ስልኩ ሲነሳ በፊት የነበረውን የጎግል አካውንት አምጡ አለ። የማንን? ለካ ይሄ ሌባ የወሰደውን ስልክ አጥፍቶ እንዳይጠቀምበት አንድሮይድ ላይ የተቀመጠ መቆለፊያ ነው፣ የድሮው ባለቤት አካውንቱን ሳያወጣ ከሸጠው ደጅ የሚቀረው ገዢው ነው። ልጁን ሁለት ሳምንት ፈለግኩት፣ የውሃ ሽታ። ስልኩ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ ከቁልፍና ከዚፕ ጋር ተኝቷል። ከብሩ በላይ የሚከነክነኝ ግን የተሰረቀ ይሆን እንዴ የሚለው ነው፣ የሆነ ሰው የልጁን ፎቶ እየፈለገ ይሆናል።

ስለዚ ያገለገለ የምትገዙ ሰዎች፣ ሻጩ ፊታችሁ ቁጭ ብሎ አካውንቱን ያውጣ፣ ራሱ ሪሴት ያድርግ፣ ስልኩ በናንተ ኢሜይል ሲከፈት ያኔ ብር ይቆጠራል። *#06# ስትደውሉ የስልኩ መለያ ቁጥር፣ 15 አሃዝ፣ ይመጣል፣ ካርቶን አለው ከተባለ ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩት። ይሄን ከናንተ ጋዜጣ ባነበው አይሻለኝም ነበር?

ሁለተኛውን አዲስ ገዛሁ። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላሩ ከተለቀቀ ወዲህ የስልክ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ፣ አላወራበትም። ካርቶኑ ላይ 8 ጂቢ ራም (ስልኩ ሲሰራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው) ይላል በትልቁ፣ ከስሩ በደቃቋ 4+4 ተብሎ ተጽፏል። የእህቴ ልጅ እንዳስረዳኝ እውነተኛው 4 ነው፣ ሌላው 4 ከፎቶና ከቪዲዮ ማስቀመጫው ላይ የተበደረ ነው፣ ፍጥነቱም እንደ እውነተኛው አይደለም። እኔ 4 ሜትር ጨርቅ አጥፌ 8 ነው ብዬ ብሸጥ ቀፊራ በጫማ ነው የምባረረው ወላሂ።

ማስቀመጫውን ባለ 32 ጂቢውን ትቼ ባለ 64 ወሰድኩ፣ እሱም ቢሆን በወሩ ሊሞላ ነበር፣ ቴሌግራም የሰርግ ግሩፑን ቪዲዮ ሁሉ ሳልነካው ያወርደዋል፣ ዳታዬንም እሱ ነው የሚበላው። በራሱ ማውረዱ ከሴቲንግ ሲዘጋ ተነፈስኩ። ካሜራው ግድ አልሰጠኝም፣ በፎቶ ቀለም አይታመንም፣ ሐምራዊ ተብሎ የተላከልኝ ጨርቅ ወይን ጠጅ ሆኖ መጥቷል። የጠየቅኩት የጥሪ ድምጹን ነው፣ ሱቁ ውስጥ አስጮህኩት፣ ማሽን ስር ካልተሰማኝ ምን ያደርግልኛል። ሙቀት ደግሞ ለብቻው ነው። አንድ ቀን ከካውያው አጠገብ ረስቼው ቻርጅ አልቀበልም አለ፣ ተበላሸ ብዬ ክው አልኩ፣ ጥላ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። ባትሪ የሚጎዳው ሙቀት ነው አሉኝ፣ ድሬ ላይ እንግዲህ የት ይኬዳል!

ኖኪያዋን አልጣልኩም። የ09 ሲሜ እሷ ውስጥ ነው፣ ቴሌብርም እዛው፣ *127# ብዬ በቁልፍ እሰራዋለሁ፣ በገበያው ግርግር ታች ስልኩ ቢሰረቅ ብሩ አብሮ አይሄድም። ታች ስልኩ ላይ የ07 ሲም ነው ያለው፣ ሳፋሪኮም እዚህ አገር ሙከራውን የጀመረው እኛው ጋ ድሬ ነው፣ ነሐሴ 2014፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ደንበኛ "ከፍያለሁ፣ እየው" ብላ ስክሪንሾት ስታሳየኝ ኖኪያዋን ነው የማየው፣ ከ127 ሜሴጅ ካልገባ አልተከፈለም፣ ስክሪንሾት ማንም ይሰራዋል፣ አንዴ በሁለት ሱሪ ዋጋ ተምሬበታለሁ።

እና የምለምናችሁ፣ በወር አንድ ቀን እንኳን እንዲህ ያለውን ጻፉ። ዋጋው ስንት ነው ብቻ ሳይሆን ሱቅ ቆሞ ምን ይነካል፣ ምን ይጠየቃል።

ይሄን ደብዳቤ የጻፍኩት በጣቴ አይደለም፣ ፊደሉን መልቀም አልቻልኩበትም፣ ማይኩን ተጭኜ በአማርኛ ሳወራ እሱ ነው የጻፈው። አራት ነጥብ አያውቅም፣ ያስታወስኩት ቦታ እኔ አስገብቻለሁ። አንድ ቦታ "ቀፊራ" ስለው "ከፈራ" ብሎ ጽፎ ነበር አርሜዋለሁ፣ ሌላ የተበላሸ ካለ ከጎኔ ማሽኑ እየሰራ ስለሆነ ነው።

ልብስ ሰፊው፣ ከቀፊራ፣ ድሬዳዋ