ለመምህርቷ ልጄ፦ ስለ አዲሱ የማስተማሪያ ቴክኖሎጂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

መሐል ሜዳ ከተማ ያሉት የሥራ ባልደረቦችሽ፣ ለተጠየቀው ሁሉ መልስ ጽፎ በሚሰጠው ቻትጂፒቲ በተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ትምህርት ማዘጋጀት እንደ ጀመሩና አንቺ ወደ ኋላ የቀረሽ እንደ መሰለሽ የጻፍሽውን አነበብሁ። ነገሩ ለሕዝብ የቀረበው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከወዲሁ ሊቅ ነኝ የሚልሽን ሁሉ አትመኚ።

በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ እኔ ፊዚክስ አስተምር ነበር። የማዕበልን እንቅስቃሴ በጠመኔ ከምሥለው ይልቅ በስክሪኑ ላይ ማየት ለተማሪው እጅግ ይሻል እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ የሚሠራጭ በመሆኑ፣ ልጆቹ ሒሳቡን ጨረሱም አልጨረሱም የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛው ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ እኔም ማስቆምም ሆነ መመለስ ስለማልችል ከጎን ቆሜ አያለሁ፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ አስቀድሜ የምጠይቀው መምህሩ በፈለገበት ቦታ ሊያቆመው ይችላል ወይ፣ ኔትወርክ ሲጠፋስ ይሠራል ወይ ብዬ ነው።

በዚህ መለኪያ ከሁሉ የምመርጥልሽ ፌት የተባሉትን፣ በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጁትን ሲሙሌሽኖች፣ ማለት ሙከራን በኮምፒውተር ላይ አስመስለው የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን ነው። በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ አንዴ ከወረዱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። በኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ላይ ተማሪው ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ራሱ ያገናኛል፤ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ አምፖሉ ይደምቃል፤ ሽቦውን ሲያላቅቅ ይጠፋል። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም።

ቻትጂፒቲንም ተጠቀሚበት፤ ነገር ግን ያወጣልሽን ጥያቄ ራስሽ ሠርተሽ ሳታረጋግጪ ለፈተና አታቅርቢ፤ ስሕተቱን ባማረ አነጋገር ማቅረብ ያውቅበታልና። የተሳሳተ መልስ ስታገኚ አትጣዪው፤ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ ተማሪዎቹ ስሕተቱን እንዲፈልጉ አድርጊ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደሮች (የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች) ሥልጠና በተመለከተም፣ ክፍያ የሌለው ስለሆነ ለክረምት ብታቆዪው ይሻላል እላለሁ።

ሲሙሌሽኖቹን እዚህ ኔትወርኩ ሲፈቅድ አውርጄአቸዋለሁ። ለፋሲካ ስትመጪ ፍላሽ ይዘሽ ነዪ፤ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ምን ዓይነት ዊንዶውስ እንዳላቸውም አስቀድመሽ በቴሌግራም ጻፊልኝ።

አባትሽ